የጥርስ ክራር ይዤ ወደ ብልባላ

ረቡዕ ንጋት፣ አውቶቡስ ተራ

ገና አልነጋም፤ አውቶቡስ ተራ ግን ቀትር የደረሰ ይመስል ይጮኻል። "ደሴ! ወልድያ! የሞላ!" የሚለው ረዳት ሻንጣዬን ሳልሰጠው ነጥቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው። የሞላ ያለው መኪና ውስጥ ከእኔ ጋር አምስት ሰው ነበርን። አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ አልለቅም አልኩ።

"ወርቅ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ብረት ነው።"

አላመነኝም።

ፒያሳ ውስጥ ክራርና ማሲንቆ፣ አንዳንዴም ጊታር የማድስበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። በቦርሳዋ የያዝኳቸውን ሦስት ብረቶች የተወልኝ አገሩ የገባ የውጭ ደንበኛ ነው። እያንዳንዱ አጭር የብረት ክፈፍ ሆኖ በመካከሉ ቀጭን ምላስ አለው። ክፈፉን የፊት ጥርስህ ላይ ታስደግፍና ምላሱን በጣትህ ትመታለህ፤ አፍህን ስታሰፋና ስታጠብ ድምፁ ይለዋወጣል። በአማርኛ ስም ስላላገኘንለት እኛ ሱቅ "የጥርስ ክራር" እንለዋለን። ትንፋሽ አይፈልግም፤ ጉሮሮም አይፈልግም። መንገድ ያስጀመረኝ ይኸው ነው።

የምሄደው ከላሊበላ በስተሰሜን ብልባላ፣ አክስቴ ደብሬ ዘንድ ነው። ባሏን ሁላችንም "የኔታ" እንላቸዋለን፤ ፊደልና ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ሐኪሞቹ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ድምፅ የሚወጣበትን ቦታ ቆርጠው አወጡት። አሁን የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ ባለ ቀዳዳ ነው። የአክስቴ ዓይን ደግሞ ከዚያ በፊት ጠፍቷል። እሳቸው መናገር አይችሉ፣ እሷ ማየት አትችል። እንዲህ ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ከደብረ ሲና ወዲያ

ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሹ ብረቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ "የምን ዕቃ ነው?" አለኝ። ማስረዳት ሲያቅተኝ ጥርሴ ላይ አድርጌ መታሁለት። ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ "በሬ ታነቀ እንዴ?" ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ፈታሹም እየሳቀ አሳለፈኝ። ጾም ስለሆነ ምሳችን ሽሮ ነበር፤ ውኃው የበዛ፣ ዋጋው ግን የፍስክ። ማታ ደሴ ገባን።

ሐሙስ፣ የድልብ ዳገትና ጋሸና

ከወልድያ በኋላ ድልብን ስንወጣ አውቶቡሱ እያቃሰተ፣ እኛም አብረነው እያቃሰትን ነበር። በገደሉ ፊት ለፊት የቀበሌው ሰው እርከን ሥራ ወጥቷል፤ አካፋውና ዶማው ከሩቅ ይብለጨለጫል። ሾፌሩ "መንገዱን ይሠሩታል ተብሏል" አለ። መቼ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

አጠገቤ የተቀመጡት አቶ መኮንን የሚባሉ የብልባላ አዛውንት ናቸው። የማን ዘመድ እንደሆንኩ ስነግራቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ጋሸና ወርደን ሻይ ያዝን። ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ብርጭቆውን የያዝኩት ለመጠጣት ሳይሆን ለመሞቅ ነው።

"የገብሬን ነገር ሰምተሃል?" አሉኝ።

ገብሬ የአክስቴና የየኔታ አንድ ልጅ ነው። ዘምቶ በዚያው ቀረ። መርዶው እንደመጣ ሰምቼ ነበር፤ ለቅሶ ግን አልደረስኩም።

"አስከሬን የለ፤ ልብሱን ይዘን አለቀስን። የኔታ ያኔ ድምጣቸው ከሄደ ወዲህ ነው። ጥግ ቁጭ ብለው እንባው ጢማቸውን ሲያርሰው እኛ አይተናል። እሷ በምኗ ትይ? 'አባቱ አንድ ቀን ልጄን ብለው ሳይጠሩት' ትላለች፣ እስተዛሬ።"

"አልነገራችኋትም?"

"ኧረ ነግረናታል! ባል ናቸውና ታከብራቸዋለች፤ አንዲት ክፉ ቃል አይወጣትም። ግና 'በጆሮዬ ካልሰማሁ' ትላለች፤ በቃ።"

ሻዩን ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። እኔ ይዤ የመጣሁት ውኃ ለመጠየቅና እንደምን አደርሽ ለማለት የሚሆን ዕቃ መስሎኝ ነበር። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለውን ጠጠር መንገድ ቦርሳዋን ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ብልባላ

ዓርብን ላሊበላ መኪና አጥቼ ዋልኩ። የቱሪስት አስጎብኚ የሆነ ጎረምሳ በእንግሊዝኛ ተከተለኝ፤ በአማርኛ ስመልስለት ተናደደብኝ። ዛሬ ጠዋት ጨው በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ብልባላ ገባሁ። ከገበያው እስከ አክስቴ ቤት ከአህዮቹ ኋላ በእግር ነው።

አክስቴ በድምፄ አወቀችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ዳብሳ "ከስተሃል፣ ልጄዋ" አለች። አልከሳሁም፤ ግን ደስ አለኝ። የኔታ ትከሻዬን ስመው ከመደቡ ላይ አስቀመጡኝ። አንገታቸው ላይ የጠመጠሙት ነጠላ በተነፈሱ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል። እጇን አንዴ ከነኳት እሺ ነው፤ ሁለቴ ከነኳት እምቢ። ከዚህ ሌላ ንግግር የላቸውም።

የቀረበልኝን የባቄላ አሹቅ ከቀመስኩ በኋላ ምን እንደያዝኩ ነገርኳቸውና ሦስቱንም በየተራ መታሁላቸው። ትንሿ ቀጭን ድምፅ አላት። አክስቴ እጇን አወናጨፈች፤ "ኧረ ይቺ ትንኝ ናት!" መካከለኛው ጥርት ያለ ነው፤ አፍ የሠራውን ቃል በመጠኑ ይለያል። እሱን እንዲወስዱ ለመንኳቸው። ትልቁን ስመታ ግን አክስቴ ክንዴን ያዘች።

"ይሄ ነው።"

"አክስቴ፣ ይሄ ቃል ያድበሰብሳል። ሁ ይበሉ ሉ ይበሉ፣ የሚሰማሽ አንድ ነው።"

"ይሁን። የሳቸው ድምጥ እንዲህ ነበር፤ ከሆድ የሚነሳ። ቃሉን እኔው ፈልጌ አገኘዋለሁ።"

የኔታ መካከለኛውን አዩ፤ ትልቁን አዩ። ከዚያ እጇን አንዴ ነኩ።

መጀመሪያ የብረቱ ምላስ ጥርሳቸውን መታቸው፤ ፊታቸውን አጨፈገጉ። "ጥርስዎን ትንሽ ከፈት ያድርጉት፣ የኔታ" አልኳቸው። ቀስ በቀስ መጣላቸው። ድምፁ እየሰፋ፣ እየጠበበ፣ እየቀጠነ ሰባት ጊዜ ተለዋወጠ። ዕድሜዋን ከተማሪ ጩኸት ጎን የኖረች አክስቴ ከት ብላ ሳቀች። "ሀ ሁ ሂ! ፊደል እያስቆጠሩኝ ነው!" ማንበብ አትችልም፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልሱን ግን በጆሮዋ ታውቀዋለች። የኔታም ያለ ድምፅ ሳቁ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ የተቀመጡበትን ዱካ ወደ እሷ አስጠጉ። አንድ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳርፈው ፊቷን እያዩ መቱ። ግዕዝ፣ ሳድስ፣ ኃምስ። ደ፣ ብ፣ ሬ። ለእኔ ደግሞ በጣታቸው ወደ እሷ አመለከቱ። "ስምሽን ጠሩሽ!" ልላት አፌን ስከፍት የአክስቴ ፊት ተለወጠ።

"ገብሬ?" አለች።

በዚያ ብረት ላይ ደብሬና ገብሬ አንድ ናቸው። ይህ አስቀድሞ ለእኔም ለየኔታም አልታየንም ነበር።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቴ ሊነኳት እጃቸውን አነሡ። እሷ ግን ተነሥታ ቆማለች።

"ገብሬ አሉ! ልጄን ጠሩት! አንቱ፣ ጠሩት እኮ!"

የተነሣው እጅ በአየር ላይ ቀረ። "አክስቴ…" ስል የኔታ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉብኝ። ዓይናቸው ሞልቷል። ብረቱን መልሰው ጥርሳቸው ላይ አደረጉና ያንኑ ሦስት ድምፅ መቱ፤ ደግመው መቱ። አክስቴ ወገቧን በነጠላዋ አስራ ታለቅስ ጀመር። "የአባትህ ድምጥ መጣልህ፣ ልጄ፤ አባትህ ጠሩህ" ትላለች፤ እሳቸውም ይመታሉ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ። አቶ መኮንንም መጡ፤ በሩን ተደግፈው አለቀሱ። እኔ ለለቅሶ ያልደረስኩት ሰውዬ በዚያ ቀን ደረስኩ።

እሑድ ጠዋት፣ መመለሻ

ከቅዳሴ መልስ አክስቴ ለመንገዴ ቆሎ ቋጥራ ግቢ ድረስ ወጣች። ፊቷ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ቀሎላታል።

"ልጄን ጠሩልኝ፤ ተመስገን። ሲለምዱት ደሞ እኔንም አንድ ቀን ደብሬ ይሉኝ ይሆናል።"

ቆሎውን ተቀበልኩ። ተመልሳ ወደ ቤት ስትገባ መካከለኛውን ብረት አውጥቼ ለየኔታ ዘረጋሁ። በጆሯቸው "በዚህ ቢጠሯት ይለይላታል" አልኳቸው። ብረቱን አዩት። በእጄ ላይ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፈው እንደገና አስጨበጡኝ። ሁለቱ ስሞች ከተለዩ የትናንቱ የማን እንደነበረ ታውቃለች፤ ይኼ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ።

ከአጥሩ ሳልርቅ ያ ወፍራም ድምፅ ተነሣ። ዞር ብዬ አየሁ። የኔታ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ቤቱ ውስጥ አድርገው ይመታሉ፤ ግዕዝ፣ ሳድስ፣ ኃምስ።

አክስቴ ከውስጥ "ነፍሱን ይማረው" አለች።