ውሃ ቤታችን የገባበት ቅዳሜ

መረብ ኳስ መጫወት የጀመርኩት ሦስተኛ ልጄን ጡት ካስጣልኩ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤታችንም መኖሪያችንም ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ነው፤ እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። አንድ ቀን ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሴት ሠራተኞች የመረብ ኳስ ቡድን ሊቋቋም ስለሆነ የምትፈልጉ ተመዝገቡ የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ስገባ አንብቤው አለፍኩ። ለምሳ ስወጣ ደግሞ ቆሜ አነበብኩት። ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን እጫወት ነበር። ካገባሁ ወዲህ ግን ልጆቼ ጎረቤት ግቢ የወረወሩትን ኳስ ለምኜ ከማምጣት በቀር ኳስ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ስሜን ጻፍኩ።

ልምምዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ እማዬ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ካልሲዬ የት አለ የሚለኝ፣ ጨው አለቀ የሚለኝ፣ ይሄን ደብዳቤ በየትኛው ፋይል ነው ያስቀመጥሽው የሚለኝ የለም። ኳሷ ወደ እኔ ትመጣለች፣ እመታታለሁ፣ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ክንዴ በልዞ ሳህን ማንሳት ቸግሮኝ ነበር። ቢሆንም ማክሰኞና ሐሙስን እንደ ሕፃን እናፍቅ ጀመር።

ቤት ውስጥ የሚበላሸው ነገር ሁሉ ሰበቡ ኳሱ የሆነውም ያኔ ነው። ምስር ሲያር፣ ኳሱ ነው። የወንዱ ልጄ ደብተር ቦርሳው ውስጥ ሳይገባ ሲቀር፣ ኳሱ ነው። ኳስ ሳልጀምርም ምስር ያርብኝ ነበር እኮ። ልጄም ደብተሩን ረስቶ መሄድ የጀመረው ትምህርት ቤት በገባ በሳምንቱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በእውነት አጥፍቻለሁ፤ ቀዩን ቱታዬን ከባለቤቴ ነጭ ሸሚዝ ጋር ዘፍዝፌ ሸሚዙ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሸሚዙን ትልቋ ልጄ እየለበሰችው ትተኛለች። ባለቤቴ ግን የሸሚዙን ነገር ሳያነሳ ቤታችን የመጣ እንግዳ አይሸኝም።

ባለቤቴ መምህር ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምነግራችሁን ስትሰሙ ሰውዬው ምን ዓይነት ነው እንዳትሉ ነው። ደህና ሰው ነው የሚባለው ዓይነት ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ውድድራችን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ነበር። ውሃ ከሄደ አራት ቀኑ ነው፤ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃውም ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለው ይቀራል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቼ በጄሪካን ካስቀመጥኩት ውሃ ቆጥቤ ልብስ አጠብኩ፣ ቤት ጠረግኩ፣ ምሳ ሠራሁ፣ ልጆቹን አበላሁ። ዓርብ ከወፍጮ ያመጣሁት የጤፍና የበቆሎ ዱቄት በሁለት ጆንያ ወጥ ቤቱ ጥግ ቆሟል። ማታ እገለብጠዋለሁ ብዬ ነው። የሦስት ዓመቷን ልጄን አስተኝቼ፣ ለባለቤቴ ምሳውን ከድኜ ሳሎን ገባሁ። ቴሌቪዥን ላይ የእንግሊዝ ኳስ ሊጀመር ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ።

«ልጆቹ በልተዋል። ትንሿ ተኝታለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» አልኩት።

«እሺ፣ ይቅናሽ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ቀናን። ሜዳው አቧራ ነው፣ ፀሐዩ የሲቀላ ፀሐይ ነው፣ መረቡም አንድ ጎኑ ረግቧል። ግን የመጀመሪያውን ዙር ተሸንፈን ሁለቱን አከታትለን አሸነፍን። የመጨረሻዋን ነጥብ ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ የመታኋት ኳስ መረቡን ታክካ ሁለት ተጋጣሚዎች መሐል ወደቀች፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ማናቸውም አልነኳትም። ጓደኞቼ ተሸክመው ሊያነሱኝ ሞክረው አቃታቸው። ሣቅን። ያን ያህል የሳቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ውሃ ልጠጣ ቦርሳዬን ስከፍት ስልኬን አየሁ። ባለቤቴ ሃያ ሦስት ጊዜ ደውሏል።

መልሼ ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ሃያ ሦስት ጊዜ የሚደወለው ለምንድን ነው? ልጄ ሞታለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላ ምንም አልመጣልኝም። በማሊያዬ እንዳለሁ ሮጬ ባጃጅ ያዝኩ፤ ልብሴን ሜዳው ላይ ትቼ። ባለባጃጁ በመስታወቱ አየኝና «ሰው ታሞብሽ ነው እህቴ?» አለኝ። «ፍጠን ብቻ» አልኩት። ወደ ሴቻ የሚያወጣው ዳገት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ትንሿን ነው የማስበው፣ ፊቷን፣ ሳስተኛት ጣቴን ይዛ እንደነበር። እግዚአብሔር ሆይ፣ ኳስ ይቅርብኝ፣ ሁሉም ይቅርብኝ እያልኩ ነው የወጣሁት።

በራችን ላይ ስደርስ ውሃ በግቢው በር ሥር ወደ መንገድ እየወጣ ነው።

ልጆቼ ደህና ናቸው። ትንሿ ሳሎን መሐል በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ወንድሟ ይገፋታል፣ ሁለቱም በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ትልቋ መሬት ላይ የነበሩ ደብተሮቿን ታቅፋ ወንበር ላይ ቆማለች። ባለቤቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በረንዳው ላይ ቆሟል። ቴሌቪዥኑን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል፣ በፎጣም ሸፍኖታል። ውሃው አሁንም ይፈስሳል፤ ድምፁ ከወጥ ቤት ይሰማኛል።

ገባሁ። የወጥ ቤቱ ወለል ከዳር እስከ ዳር ቡኮ ሆኗል። ሁለቱ ጆንያዎች ከሥራቸው ረጥበው ተንደዋል። የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውሃው ማጠቢያውን ሞልቶ ወደ መሬት ይወርዳል፤ መውረጃውን አንድ ሳህን ተደፍቶ ደፍኖታል። እጄን ዘርግቼ ቧንቧውን ዘጋሁት። ሦስት ዙር ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረውም።

ወደ በረንዳው ተመለስኩ።

«ለምን አልዘጋኸውም?» አልኩት።

«ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ የፈነዳ መስሎኝ። ከየት እንደሚዘጋ ልጠይቅሽ ነው የደወልኩት።»

«ወጥ ቤት ገብተህ አላየህም?»

«ዱቄቱ ያንሸራትታል።»

«ስደውልልህስ ለምን አታነሳም?»

«ስልኩ ባትሪ ጨረሰ፤ ብዙ ስለደወልኩልሽ» አለኝ፤ በቅሬታ ጭምር።

አካፋ አንስቼ ቡኮውን መዛቅ ጀመርኩ። ጎረቤቶች መጥረጊያ ይዘው መጡ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሦስት ሴቶች ናቸው። ለባለቤቴ ደረቅ ወንበር አመጡለትና «አይዞህ መምህር፣ ብቻህን ተቸገርክ» አሉት። እሱም ተቀመጠ። ከዚያ አንደኛዋ ከእኔ ጋር ጎንበስ ብላ ቡኮውን በአካፋ እየዛቀች «አንቺስ የት ሄደሽ ነው?» አለችኝ፤ የለበስኩትን ማሊያ ከላይ እስከ ታች እያየች። አባትየው ቤቱ ውስጥ፣ ከቧንቧው አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። የት ነበርሽ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የባለቤቴ ታላቅ እህት ከትውልድ መንደራቸው ከኦቾሎ ወርዳ ቤታችን ደጃፍ ላይ ጠበቀችን። በስልክ ሰምታ ነው። የእንሰት ቆጮና ድንች ተሸክማ መጥታለች፣ ዱቄታችን መበላሸቱን አውቃ። እጇ ለጋስ ነው፤ ይህንን አልክድም። ምሳ በልተን ስንጨርስ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ ሥራ ጥሩ ነው፣ ትሠሪያለሽ። ቤተ ክርስቲያንም አለሽ። ኳስ ግን የልጅ ነገር አይደለም ወይ? ቱታ ለብሶ ሰው ፊት መዝለል፣ ሦስት ልጅ ወልዶ?»

«እትዬ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው» አልኳት።

«ውሃውም በሁለት ሰዓት ነው ቤት የሞላው» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ በጋሞኛ ቀጠለች። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ የሁለታችን ቋንቋ እንደ እህትማማች ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመት ደግሞ እዚህ ኖሬያለሁ። እንደምሰማት አታውቅም ወይም እንዳልሰማት ትፈልጋለች። ልክ አላስያዝካትም፣ ለስላሳ ሆነህባታል፣ እናታችን ብትኖር ምን ትል ነበር አለችው። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አንድ ቃል አልመለሰም። እኔ ደግሞ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ሲል ሰው ራሱን ይጠራጠራል። ምናልባት ጠዋት ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ እሆናለሁ፣ ስቸኩል ረስቼው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ማክሰኞ ልምምድ ላለመሄድም ወሰንኩ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ትልቋ ልጄ የረጠቡትን ደብተሮች ወደ አዲስ ደብተር ትገለብጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ ገጾቹን እየላቀቅኩ አቀብላታለሁ። ሳላስበው «ቧንቧውን ክፍት ትቼው ነው እኮ የሄድኩት» አልኳት።

እርሳሷን ሳታቆም «አንቺ አይደለሽም፣ አባዬ ነው» አለችኝ። «ምሳውን በልቶ ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠና እጁን ሊታጠብ ከፈተ። ውሃ የለም ብሎ፣ ሳይዘጋው በሶፍት ጠርጎ ወጣ።»

«ነግረሽዋል?»

«ቅዳሜ ዕለት ነገርኩት። እሺ አለኝ።»

የውሃው ንዴት ወጥቶልኝ ነበር። ሰው ይረሳል፣ እኔም ሸሚዝ ሮዝ አድርጌያለሁ። ዱቄቱም ይሁን፤ እንደገና ይፈጫል። እሱ ግን ያውቅ ነበር። ቅዳሜ ያን ሁሉ ቡኮ ስዝቅ፣ እሑድ እህቱ ስትመክረኝ፣ ሳህን ይዤ ወጥ ቤት ገብቼ ሳለቅስ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ጥፋቱ እኔ ላይ ሲቆለል እያየ፣ ድንቹን ልጦ በላ።

ባለቤቴ የፈተና ወረቀት ሲያርም አገኘሁት። በሩን ዘግቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ቧንቧውን የከፈትከው አንተ ነህ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሳልሆን አልቀርም» አለ።

«እህትህ ስትናገረኝ ለምን ዝም አልክ?»

«ነገር እንዳይበዛ ብዬ ነው።»

«ለማን እንዳይበዛ?»

ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቼ እጁ ላይ አኖርኩለት። «ደውልላት። ድምፁን ከፍ አድርገው፣ እኔም ልስማ።»

ብዙ አመነታ። ነገ አለኝ፣ ሥራ ላይ ትሆናለች አለኝ፣ ኔትወርክ የለም አለኝ። ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። በመጨረሻ ደወለ። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናብ ተነጋገሩ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ ሲል ይመስለኛል፣ «እቴ፣ የዚያን ቀን ቧንቧውን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። እሷ አይደለችም» አላት።

በወዲያኛው በኩል ከብት ሲያገሳ ብቻ ይሰማል።

«እሺ» አለች ቆይታ። «አንተማ ወንድ ነህ፣ ትረሳለህ። እሷ ቤት ብትሆን ኖሮ ትዘጋው ነበር።»

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሊሥቅ ፈልጎ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ማክሰኞ ቱታዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ልምምድ ሄድኩ። ያን ቀን ኳሷን እንዴት እንደመታኋት ጓደኞቼ ይመሰክራሉ፤ አንዷ ኳሷ የለበለበውን እጇን ይዛ ዛሬስ ማንን እያሰብሽ ነው አለችኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛው ውድድር ነበር። ለባለቤቴ ምንም አልሠራሁለትም፣ ምንም አልነገርኩትም፤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ተሸነፍን። ያውም በደንብ። ተጋጣሚዎቻችን ነርሶች ናቸው፤ ቀን ከሌት ሰው ሲያነሱ ሲጥሉ የሚውሉ ሴቶች ክንዳቸው ብረት ነው። እኔም ሁለት ኳስ መረብ ላይ አሳርፌያለሁ። በሚኒባስ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ተልጦ፣ ቀስ ብዬ ተመለስኩ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ትንሿን አቅፏታል፣ ፀጉሯ ላይ ሙዝ ተለጥፏል።

«ዛሬ ቤቱ ምንም አልሆነም» አለኝ። «ልጆቹም በልተዋል። ቧንቧውንም ሁለት ጊዜ አየሁት።»

እንዲህ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ቤት ምንም ሳይሆን የዋለባቸውን ቀናት አስቤ፣ አንድም ቀን በር ላይ ቆሜ ለማንም ሪፖርት እንዳላደረግኩ አስታወስኩ። አመሰግናለሁ የሚለው ቃል ግን ከልማድ የተነሳ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ተሸነፍን» አልኩት።

«አይ» አለ። ልጅቷን ወደ ሌላ ትከሻው አዛወራትና «እራት ምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እንጃ» አልኩትና ጉልበቴን ልታጠብ ገባሁ።