እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾሙ ዓሦች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን የሚያወጣው ግን ዓሣ ሆነ።

ጄኔቭ አጠገብ ባለ የዓሣ ማራቢያ በፈቃደኝነት እሠራለሁ። የሳልመን ዘመድ የሆነውን የሐይቁን ትራውት ከእንቁላል አስፈልፍለን፣ ጫጩቶቹን አሳድገን ወንዝ ውስጥ እንለቃለን። እትዬ የሺን እዚያ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ከዙሪክ አጠገብ ካለችው ከረገንስዶርፍ፣ ጄኔቭ ዳር ላንሲ በሚባል ሰፈር ወደሚኖር ልጃቸው ሲመጡ ጀርመንኛ እንጂ ፈረንሳይኛ አያውቁም ነበር፤ አስተርጓሚያቸው ሆንኩ። ጫጩቶቹን መመገብ ይወዱ ነበር። መኖ ሲበትኑላቸው "ብሉልኝ፣ በሞቴ" ይሏቸዋል።

አንድ ቀን ኃላፊው ጫጩቶቹ በማግስቱ በመኪና ወደ ወንዝ ስለሚሄዱ ምንም መብላት እንደሌለባቸው፣ ከበሉ የሚጓዙበትን ገንዳ ውሃ አቆሽሸው እንደሚሞቱ ለእትዬ የሺ እንድነግር አዘዘኝ። እኔ፣ ወደ ካሩዥ የሚሄደው ትራም እንዳያመልጠኝ የምቸኩለው እኔ፣ "እትዬ የሺ፣ ዛሬ ጾም ናቸው" ብዬ ሄድኩ። እሳቸውስ ምን ያድርጉ? የሚያውቁት ጾም የቤተ ክርስቲያኑን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ፤ ከዚያ አበሏቸው፣ ያውም ከአንጀታቸው ራርተው ጥግብ እስኪሉ።

በማግስቱ ወንዙ ዳር ገንዳውን ስንከፍት ብዙዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው ነበር። ኃላፊው በደንብ ነግሬያቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። "አዎ፣ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ለእሳቸው ደግሞ በአማርኛ፣ ጫጩቶቹን መንገዱ ጎድቷቸው ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ መኖው ለእኔ፣ የባልዲ አጠባው ለእሳቸው ሆነ። ለምን ብለው አልጠየቁም። እኔስ ለምን ዝም አልኩ? አፍሬ? አዎ፣ አፍሬ። ግን መመገቡንም ወድጄው ነበር፤ እሱን አልክድም።

ዛሬ ስጽፍ ደስ ብሎኛል። ዘንድሮ ጫጩቶቹ አምረውልናል፤ እትዬ የሺም ባልዲ እያጠቡ ያንጎራጉራሉ። እሳቸው ደስተኛ መሆናቸው ግን የእኔን ጥፋት አያቀለውም።

ነገ ጫጩቶቹ ይሄዳሉ። ኃላፊው ማንም መኖ እንዳይሰጥ ለሁሉም እንድነግር አዞኛል። አሁን ብዕሬን አስቀምጬ እትዬ የሺ ዘንድ እሄዳለሁ። "እትዬ የሺ፣ ጫጩቶቹ ነገ ወንዝ እስኪገቡ ምንም አይቀምሱም። ያን ጊዜም እንዲህ ነበር ማለት የነበረብኝ" እላቸዋለሁ። ለኃላፊውም በፈረንሳይኛ ይህንኑ እነግረዋለሁ። በሁለት ቋንቋ የዋሸሁትን በሁለት ቋንቋ አምኜ፣ የመኖውን ጣሳ ለእትዬ የሺ እመልሳለሁ። ይቅር በሉኝ የምላቸው ከዚያ በኋላ ነው።