አፍንጫዬና ቀዩ ቢራ

አዲስ አበባ፣ አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ቢራ እጠምቃለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሥራውን ለእኔ አስረክበው ሄዱ። ካስተማሩኝ ሁሉ የምወደው የአገራቸውን ቀይ ቢራ ነው፤ ብቅል የበዛበት፣ ምሬቱ ቀነስ ያለ፣ ቀስ ተብሎ የሚጠጣ።

ባለፈው ክረምት ኃይለኛ ጉንፋን ጣለኝ። ስነሳ ማሽተት አልቻልኩም። ምግብ ሁሉ አፌ ውስጥ ጭቃ ሆነ። ሐኪሙ "ጊዜ ስጪው" ብቻ አለኝ። ለሌላ ሰው ይቻል ይሆናል፤ ቢራ ጠማቂ ግን ያለ አፍንጫ ምን ትሠራለች?

አብራኝ የምትሠራውን ባልደረባዬን "ቅመሽልኝ" እላታለሁ።

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ጥሩ ነዋ! ቢራ ቢራ ይላል።"

ሳቄም እንባዬም እኩል ይመጣል።

አንድ ቀን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጠራኝ። "እስኪሻልሽ እንግዳ መቀበያ ብትሠሪስ? ሌላ ጠማቂ እናፈላልጋለን።"

"የጠመቅኩት ቀይ ቢራ አለ። እሱ ሳይደርስ ከምድር ቤት አልወጣም" አልኩት። ድፍረቴ ራሴንም ገረመኝ።

ቀዩ ቢራ እስኪደርስ በቅዝቃዜ ብዙ መቆየት አለበት። በየጠዋቱ ትንሽ ቀድቼ አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ እከታለሁ። ምንም። ቀዝቃዛ አየር ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባልደረባዬ ቀድታ ሰጠችኝ። ወደ መብራቱ ሳነሳው እንደ ጠራ ማር ቀላ፤ አረፋው ወፍራም ነው። ተስፋ ሳላደርግ አሸተትኩት። የሆነ ነገር ነካኝ። ቀጭን፣ ከሩቅ የመጣ። ዳቦ!

"ቆይ፣ ቆይ!" አልኩ።

"ምን ሆንሽ?"

"ዝም በይ፣ አታናግሪኝ!"

ጎነጨሁ። መጀመሪያ ገና ትኩስ የሆነ የድፎ ዳቦ ቅርፊት መጣ፤ ከሥሩ የገብስ ቆሎ። ከዚያ ስኳር ድስት ላይ ሲቀላ ያለው ዓይነት ጣፋጭነት ምላሴን ሞላው። ሊከብደኝ ነው ብዬ ስፈራ ምሬቱ ከኋላ ደረሰና ጠረገው። ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ንጹሕና ደረቅ ነበር፤ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል።

"ብቅሉ ትንሽ በዝቷል" አልኳት እንባዬ እየወረደ። "ግን ያምራል። እንዴት ያምራል!"

ባልደረባዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ሥራ አስኪያጁ ምን ተፈጠረ ብሎ እየሮጠ ወረደ። ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ።

"እንግዳ መቀበያው ይቅርብሽ" አለኝ።

"መቼ ሄድኩና!"

ሦስታችንም ሳቅን።

ከሰዓት ሰሚት ወዳለው ቤቴ ስመለስ ኢምፔሪያል ላይ ታክሲያችን በመኪና ጭንቅንቅ ቆመ። ሰው መስኮት ሲዘጋ እኔ ከፈትኩ። ናፍጣው፣ የሚጠበሰው በቆሎ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሽቶ፣ ዝናብ የነካው አፈር፣ ሁሉንም እንደ ሰርግ እንግዳ ተቀበልኳቸው። የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ ደግሞ ከቤታችን የሚመጣውን ለየሁት።

"ሽንኩርቱ እያረረብህ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ባሌ ማማሰያውን እንደያዘ በሩን ከፈተ። ሊመልስልኝ ሲል ማሽተቴ ገባው። ማማሰያውን ጥሎ አቀፈኝ። ሽንኩርቱ አርሮ ከሰለ። ወጡን በዚያው ባረረ ሽንኩርት ሠርተን፣ የምሬቱን ዓይነት አንድ በአንድ እየቆጠርኩለት፣ ጠግበን በላን።