ግንቡን መልሶ ያስገነባው አባት

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሰዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው መሃል ላይ ተደራርቧል። መርገጫ የለም። ዘበኛው ከኋላዬ ገፋ አደረገኝና በሩን ቆለፈው። ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። መነጽሩን በክር ያሰረ ጎልማሳ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ «እዚህ ና፣ ወንድሜ፤ ቦታ አለ» አለኝ።

ቦታ አልነበረም።

ሰውዬው የታሪክ መምህር ነው። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ ስለ ፖለቲካ አይወራም፤ ማን ወሬ እንደሚያቀብል አይታወቅማ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ መምህሩ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ስላለፈው አንድ እንግሊዛዊ ሹም ያጫውተን ነበር። ስሙን ነግሮናል፤ እኔ አልያዝኩትም። ሹሙ የአንድ መስፍን ልጅ ወደደ። ወላጆቿ እምቢ ሲሉት በድብቅ አገባት። እነሱም ተቆጥተው ለዓመታት ደጃቸውን ዘጉባት። በምክር ቤት ብዙ ጠላት ያፈራ፣ የሚፈራ ሰው ነበር። ቤቱ ሲገባ ግን ለልጁ ሟች ነው።

«አንድ ጊዜ» አለ መምህሩ፣ «ግቢው ውስጥ ያለ ግንብ ሊፈርስ ሆነ። አባትየው ለትንሹ ልጁ፣ ‹ሲፈርስ ታያለህ› ብሎ ቃል ገባ። ሠራተኞቹ ልጁ በሌለበት አፈረሱት። ታዲያ ምን አደረገ? ግንቡን እንደገና አስገነባው። ከዚያ ልጁን አጠገቡ አቁሞ አስፈረሰው።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መርካቶ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ ተቆጡ።

«ይሄማ ልጅ ማበላሸት ነው! አንተስ፣ መምህር፣ ልጅህን እንዲህ ነው የምታሳድገው?»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«አይ፣ ጋሼ። እኔ ቁጡ ነኝ። የተያዝኩ ዕለት ጠዋት ልጄ የጫማዋን ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አሰረች። ‹አባባ፣ እየኝ!› አለችኝ። ረፍዶብኝ ነበር። ‹ማታ አያለሁ› ብዬ ወጣሁ። የወሰዱኝ ከትምህርት ቤት ነው።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «የእኔ ነገር፤ ማን ጠይቅ አለኝ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ለመሆኑ ያ ልጅ ኋላ ምን ወጣው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ነገ እነግርዎታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው በሩን ከፍቶ የመምህሩን ስም ጠራ። «ዕቃ አያስፈልግህም» አለው። እንዲህ ተብሎ የወጣ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩ ተነሣና የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ።

«ፍጠን!»

«አንድ የቀረኝ ነገር አለ» አለ ረጋ ብሎ። ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ፣ ትናንት ለጠየቁኝ፤ ልጁ ቁማርተኛ ሆነ። ደግሞም ትልቅ የምክር ቤት ሰው ሆኖ የባሪያ ንግድ እንዲቀር ተሟገተ። ሁለቱም እውነት ነው። አባቱን ግን በጣም ይወደው ነበር።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እኛም ቆምን። ዘበኛው ተቀመጡ አላለንም።

አሁን ሎስ አንጀለስ ነኝ፤ ዌስትውድ የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ እተዳደራለሁ። ባለፈው እሑድ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ አንዲት ወጣት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የመምህሩ ልጅ ናት። ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታለች። አብሬው እንደታሰርኩ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰምታለች።

«ሶ፣ ጋሼ፣ ስለ እኔ ያለው ነገር አለ?»

የጫማውን ነገር ነገርኳት። ለመናገር ከብዶኝ ስለነበር ሳህኑን እያየሁ ነው የጨረስኩት። ቀና ስል ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ይሄ ነው የቆጨው?»

«አዎ።»

«ግን እኮ እኔ አላስታውሰውም፣ ጋሼ። ያን ጠዋት ምንም አላስታውስም። የማስታውሰው ትከሻው ላይ አድርጎኝ ዝናብ ውስጥ ሲሮጥ ነው። ሁለታችንም እንስቅ ነበር።»

ከዚያ ክላስ አለኝ አላለችም፣ ቶሎም አልሄደችም። ብዙ አወራን። ስንለያይ ግን መኪናዬ ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሣ ቆየሁ። ልጁ የምታስታውሰውን መምህሩ ሳይሰማ መሄዱ ነው እኔን የሚቆጨኝ።