በመርዶ የዘገየ ማመልከቻ

ቱንቢ መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ የስብራቱን አቧራ ጠረገ። ቀጥሎ በስፖንጅ ደጋግሞ አረጠበው፤ አሮጌ ጄሶ ውሃ ካልጠገበ የአዲሱን መጥጦ ያሰነጥቀዋል። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ አደረገና ጄሶውን በጣቶቹ መሃል እያሳለፈ ነሰነሰበት። ውሃው እስኪውጠው እጁን ሰብስቦ ጠበቀ፤ ቸኩሎ ቢያማስለው አረፋ ይገባበታል። ሲሰምጥለት በቀስታ አማሰለው፤ እርጎ ሲመስል በስፓቱላ እያነሳ ከአንጓው ጀምሮ ወደ ጣቶቹ ሠራ። አውራ ጣቱን ሲቀርጽ ጄሶው መሞቅ ጀመረ። ሊጠነክር ነው ማለት ነው፤ እጁን አፈጠነ።

የሚጠግነው ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ንጉሥ እጅ ነው። ንጉሡ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር፣ ምድጃ ዳር፣ አመድ ላይ አንድ እንግዳ ተቀምጧል። የተሰበረው እንግዳውን ለማንሳት የተዘረጋው እጅ ነው። ግድግዳው ደግሞ የጥገኝነት ይግባኝ የሚሰማበት ሕንፃ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው።

«አንተ ቱንቢ፣ ጣቱን አሳጠርከው እኮ! ይሄ ንጉሥ ሊሰጥ ነው ሊቆነጥጥ?» አለው ቀቢው ከመሰላሉ ላይ።

«አንተ ቀለምህን አናቴ ላይ አታንጠባጥብብኝ።»

የግድግዳ ቀጥታ በሚለካበት ገመድ ስም ቱንቢ ያሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ግድግዳም ሆነ ሰው ተጣሞ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። እሱም ድሮ በዚሁ ሕንፃ ደረጃ ወጥቶ ወርዷል፤ የመኖሪያ ወረቀቱን ያገኘው ጠጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ፎቅ ላይ ዳኛ ፊት የቀረበችው የእህቱ ልጅ ነበረች። ቤተሰብ አይገባም ስላሉት እታች ሆኖ ጄሶ ያማስላል።

ልጅቷ አገሯን ጥላ የወጣችው ወንድሟን ያሰሩት ሰዎች እሷንም ስለፈለጓት ነው። መንገድ ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ተዋወቀች። በአንድ ነጠላ ልብስ እየተጠቀለሉ፣ አንድ ኮዳ ውሃ እየተካፈሉ ብዙ ከተጓዙ በኋላ ያቺ ልጅ እጇ ላይ ሞተች። የሟች ታላቅ እህት እዚህ አገር ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራ ነበር። የቱንቢ የእህት ልጅ እንደገባች ወደ ስደተኞች ቢሮ አልሄደችም፤ አጎቷም ዘንድ አልሄደችም። እያጠያየቀች እህትየዋን ፈለገች። ስታገኛትም ሥራ ቦታዋ ላይ አልነገረቻትም። ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባለው ክፍሏ ጎረቤቶቿን አሰባስባ፣ ሰው ከከበባት በኋላ መርዶውን አረዳቻት። ከዚያም ብቻዋን ጥያት አልሄድም ብላ አብራት ሰነበተች። ማመልከቻዋን ያስገባችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሕጉ እንደገባህ ወዲያው አመልክት ይላል። ያዘገየ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ጉዳይዋን ውድቅ ያደረገው ሹም፣ «ለነፍሷ ፈርታ የሸሸች ሴት ለቅሶ ቤት አትከርምም» ብሎ ደመደመ። ቱንቢ ይህን ሲሰማ የያዘው ንዴት እስከ ዛሬ አልወረደለትም። መጀመሪያ የጮኸው ግን በእሷ ላይ ነበር።

«ደውለሽ አትነግሪያትም ነበር? ስልክ ጠፋ?»

«ጋሼ፣ አንተ ብትሆን መርዶ በስልክ ትናገራለህ?»

እንዲህ አድርጋ ያሳደገቻት የገዛ እህቱ ናት፤ ማንን ይቆጣ?

የሕንፃው ኃላፊ ክራቫቱን እያስተካከለ መጣና አዲሱን እጅ አደነቀ። «ታሪኩን ያውቁታል፣ ጋሽ ቱንቢ? ጥንት ግሪኮች ዘንድ መጠጊያ የፈለገ ሰው ምድጃው ዳር ከተቀመጠ ጎትቶ የሚያስወጣው የለም። እንግዳን የበደለ አምላክን እንደበደለ ነው። መጀመሪያ ያበሉታል፤ ማነህ፣ ከየት መጣህ የሚሉት ከጠገበ በኋላ ነው።»

«እዚህ ፎቅ ላይስ?»

«እዚህማ ሕግ አለ።»

«እነሱ ሕግ አልነበራቸውም?»

«ነበራቸው እንጂ! አቴና ውስጥ የሚኖር የውጭ ሰው ዋስ የሚሆነው ዜጋ መያዝ ነበረበት። ከሌለው ይከሰሳል።»

ልጅቷ ደረጃውን ስትወርድ አያት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዳኛው ምን አለ?»

«አልፈረደም። ለቅሶ ቤት መቀመጥሽን ያየ ምስክር አምጪ አለ።»

«እህትየዋን አምጪያታ!»

«ከየት? እሷም ወረቀት የላትም እኮ። ልብስ ማጠቢያው ከተፈተሸ ጀምሮ ስልኳ ዝግ ነው። ባገኛትስ፣ መስክሪልኝ ብዬ ላስይዛት?»

«ሌላ ሰውስ?»

«ጠበቃዬ ጎረቤቶቹም ይበቃሉ ብላለች። ስማቸውን መች ጠየቅኩ? ለቅሶ ቤት ስም ይጠየቃል?»

«ካልተገኙ?»

«ይመልሱኛላ፣ ጋሼ።»

ቱንቢ ወደ ኃላፊው ዞረ። አንቱታው ጠፋበት። «ሰማህ? ምድጃውን ጄሶ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ለጠፋችሁት፤ እንዲታይ! ዋስ አምጣ የሚለውን ፎቅ ላይ አወጣችሁት፤ እንዲሠራ! ደግ ደጉ ለጌጥ፣ ክፉ ክፉው ለሥራ!»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ጋሽ ቱንቢ። እኔ የማዘው መብራቱንና ሊፍቱን ነው።»

«አዎ! ሹሙም ሕጉ ነው ይላል፣ ዳኛውም ሕጉ ነው ይላል። ሰው መልሶ ወደ እሳት የሚጥል አንድም ሰው የለም፤ ሁላችሁም ሊፍት ጠባቂ ናችሁ!»

ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወዲህ ቱንቢ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ልብስ ማጠቢያው ወዳለበት ሰፈር ይሄዳል። በር ያንኳኳል። ሰዎቹ የመንግሥት ጆሮ እየመሰላቸው «አናውቅም» ብለው ይዘጉበታል። አይፈርድባቸውም፤ እሱም ድሮ ይዘጋ ነበር። የሚፈርደው እንዲህ ባስፈራቸው ላይ ነው። በር ላይ ያልሰሙት አንብበው ይስሙት ብሎ ይህን ጽፎ ይለምናል።

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባለው ክፍል መርዶው ሲነገር የነበራችሁ፦ እህትየዋ ስትወድቅ ወገቧን የያዝሽው ሴት፣ ከታች ወንበር ተሸክመህ የወጣኸው ሰውዬ፣ በጩኸቱ ልትቆጪ መጥተሽ አብረሽ ያለቀስሽው አከራይ፤ ወረቀት የሌላችሁ አትምጡ፣ መርዶውን ያመጣችው ልጅ በእሷ ምክንያት ማንም እንዲያዝ አትፈልግም። ወረቀት ያላችሁ ግን ኑ። ዳኛው ፊት ቁሙና ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። መጣች፣ አረዳቻት፣ ብቻዋን ጥላት አልሄደችም በሉ። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ብቻ ሳይመልሷት ኑ።