ክዳን ያጣው የሾርባ ማቅረቢያ

ምንትዋብ ጄኔቫ፣ ለዛቫንሼ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቷ ብቻዋን ትኑር እንጂ ቁም ሳጥኗ የድግስ ቤት ነበር። የጥንት የእንግሊዝ ሸክላ ትሰበስባለች፤ አይረንስቶን የሚሉትን፣ ከባድና ጠንካራውን፣ ቻይናን ረግጠው የማያውቁ እንግሊዞች የቻይና ወፍና አበባ የሳሉበትን። አዘቦቱን የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ ትውልና ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ ገበያ ትወርዳለች። ሳህኑን ገልብጣ ማኅተሙን ታያለች፤ በጥፍሯ ኳ አድርጋ ታዳምጣለች። ድምፁ ጥርት ካላለ የተሰነጠቀ ነው ብላ ትመልሳለች፤ ጥርት ካለ ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ ትከራከራለች።

ጎረቤቶቿ ልክፍት ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ባሏ ኅሩይ ከአገር ከሚወጣ እንግሊዛዊ ሙሉውን የገበታ ዕቃ ገዝቶላት ነበር። እሷ ለሕክምና ጄኔቫ በመጣች በዓመቱ ደርግ ኅሩይን አሰረው፤ ቤቱም ዕቃውም ተወረሰ። "ሲፈታ በዚያው ሳህን ነው የማበላው" አለችና ያንኑ ሥዕል እያሳደደች ዓመት በዓመት ለቃቀመችው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ ራሷ የምትበላው በፕላስቲክ ሳህን ነው። በመጨረሻ የቀራት የሾርባ ማቅረቢያው ክዳን ብቻ ነበር።

ክዳኑን ያገኘው የኅሩይ ታናሽ ወንድም ወልደሥላሴ ነው፤ ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር የሚኖር የትራም ባቡር ጠጋኝ። በሁዳዴ መግቢያ ኡስተር ከተማ ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አየውና ደስ ብሎት በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤቱ ገባ። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ፣ ኅሩይ እስር ቤት ውስጥ መሞቱን ነገረው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ያማከራቸው ያገር ሰው ሽማግሌዎችም "ፋሲካዋን አናበላሽባት" አሉ። ወልደሥላሴ ለገዛ ወንድሙ እንኳ አላለቀሰም፤ የሟች ሚስት ሳትረዳ እሱ እንዴት ደረቱን ይመታል? እሁድ እሁድ ስትደውልለት ድምፁን አስተካክሎ ያወራታል።

"ክዳኑስ፣ ወልዴ?"

"እየፈለግሁ ነው፣ እትዬ።"

ክዳኑ እዚያው አጠገቡ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ነበር። ግን ቢሰጣት ገበታዬ ሞላ ብላ የኅሩይን መምጣት ልትጠብቅ ነው፤ ያንን ለማየት ልቡ አልቻለም።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ከሽማግሌው ከአቶ ተክለሃይማኖትና ከምንትዋብ ወዳጅ ከፈትለወርቅ ጋር ሆኖ ጄኔቫ በሯን አንኳኳ። ክዳኑን ከነጋዜጣው ታቅፎታል፤ ለምን እንዳመጣው ለራሱም አልገባውም።

ከፈተች። በዚያ አገር ሳይደውል በማለዳ የሚመጣ እንግዳ የለም። የሦስቱንም ፊት በተራ አየች፤ ግድግዳውን ያዘች። አቶ ተክለሃይማኖት ሊናገሩ ሲሉ እጇን አነሳች።

"ይቆዩኝ፣ አባባ። ወልዴ፣ የታቀፍከው ምንድን ነው?"

"ክዳኑ ነው፣ እትዬ።"

ተቀብላው ጋዜጣውን ፈታች። በጥፍሯ ኳ አደረገችው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። የሾርባ ማቅረቢያውን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ክዳኑን ገጠመችበት። ልኩ ነበር። ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ አዘቅዝቃ ለበሰች።

"እሺ፤ አሁን አርዱኝ" አለች።

አቶ ተክለሃይማኖት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ወልደሥላሴ ወንድሙን በስሙ እየጠራ አለቀሰ።