እርጥብ ጨርቅ ላይ የቀረ ማኅተም

እታለም ሸሚዝ ስትተኩስ ከአንገትጌው ትጀምራለች። ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ረጨት ታደርግና፣ በግራ እጇ ስፌቱን ወጥራ ይዛ ካውያውን ታሳርፋለች። ወሬ እያወራች እንኳ እጇ አይሳሳትም። ከድንበር ማዶ ሙሽራ ሆና ከመጣች አርባ ዓመቷ ነው፤ አርባውንም ዓመት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች በዚህች ጠባብ ክፍል የሰው ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። የሰፈሩ ሰው ትልቁም ትንሹም እታለም ነው የሚላት።

ባሏ የስኳር ሕመምተኛ ነው። መርፌውን የሚያገኘው በነፃ ሕክምና ካርድ ሲሆን፣ ሠርታ የምታበላው እሷ ስለሆነች ካርዱ በእሷ ስም ነው። ዘንድሮ ለማሳደስ ስትሄድ የመኖሪያ ፈቃዷን ዋናውን አምጪ አሏት።

ወረቀቱ ከሣጥን ሲወጣ እንደ መሐረብ አራት ላይ ታጥፎ፣ ጭምድድ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ሰው ፊት መቅረብ አልሆነላትም። እንደ ሱፍ ሱሪ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ ተኮሰችው። ወረቀቱ ቀጥ አለ፤ ማኅተሙ ግን ከነፊርማው ተነሥቶ ጨርቁ ላይ ቀረ።

እኔ ጎረቤቷ አብሬያት፣ ጨርቁንም ይዘን ካርዱ ወደሚታደስበት ቢሮ ሄድን። ከጠዋት ጀምሮ ቆመን ተራ የደረሰን ሊዘጉ ሲሉ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላበጠችው።

«እማማ፣ ማኅተሙ የታለ?»

«ይኸውልሽ፣ ጨርቁ ላይ።»

«ይሄማ ግልብጥ ነው!»

«በመስታወት እዪዋ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀው ጠብቀው ዛሬ ያበላሹታል?»

«ለእናንተው ክብር ብዬ ነው እኮ!»

የዚያን ዘመን የፈቃድ መዝገብ ዝናብ ገብቶበት ጠፍቷል አሉን። የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ ገና ስትመጣ የሚያውቋት፣ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ምስክሮች እስከ ዓርብ ማቅረብ። እታለም ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸት አሸት አደረገች።

«ደከመኝ፣ እቴ» አለችኝ። «መኖሬንም ሰው ይመስክርልኝ?»

እኔ ወደ ሰፈሩ የገባሁት በኋላ ነውና ምስክር ልሆናት አልችልም። የሰፈሩ ጫማ ሰፊ አንደኛው ምስክር ሊሆን እሺ ብሏል። ከቀሩት የድሮ ጎረቤቶች ገሚሱ ሞቷል፤ ገሚሱ የት እንደገባ አይታወቅም። በየቤቱ ስናንኳኳ እግራችን ቀጠነ። የቀረው መርፌ ደግሞ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት ነው የሚበቃው።

ይህን የምታነቡ ሆይ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ኖራችሁ፣ ንግግሯ ለየት ላለ ለአንዲት ቀጭን ሙሽራ ሸሚዝ ሰጥታችሁ ያስተኮሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እስከ ዓርብ ድረሱልን። ብዙ ንግግር አያስፈልግም። መስኮቱ ላይ ቆማችሁ «አዎ፣ አውቃታለሁ» በሉልን።